ፈልጌ አጣሁት ማለት የለም ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «እስቲ ይህን አንብበህ የሚመስልህን ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ሰጠኝ። ስለ ታሪክ ምርምር ነው። የድሮ ደብዳቤ፣ ጋዜጣ፣ ብራና፣ ውል፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ቀዳሚ ምንጭ የሚሉትን ሁሉ፣ ከላይብረሪ ዳታቤዝ እንዴት በቀላሉ እንደምናወጣ ይመክራል። ጸሐፊው ለተመራቂ ተማሪዎች አዝነው የጻፉት ነው። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም፤ አማርኛቸውም ይጥማል። ግን ምክሩን እንዳለ የወሰደ ተማሪ ፈታኞቹ ፊት ቀርቦ ላብ በላብ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ዋና ዋና ምንጮች ዛሬ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ቤተ መዛግብት መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ በሦስት ዳታቤዝ ፈልጎ ያጣ ሰው «ምንጭ የለም» ብሎ መጻፍ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቁም ነገር ያለው ምንጭ በክፍያ የተዘጋ ስለሆነ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ፓስወርድ መለመን ነው። አራተኛ፣ በዘመኑ የታተመ ጋዜጣ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። አምስተኛ፣ የፍለጋ ሳጥን ባለበት ዘመን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምን ይሠራል?

ከሁለተኛው ልጀምር። ትልቁ ጥፋት ያለው እዚያ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ ያቀረቡት ምሳሌ የራሳቸውን ፍለጋ ነው። ለንደን፣ ኪው የሚገኘውን የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካታሎግ ከፈቱ። «ቴዎድሮስ» ብለው በላቲን ፊደል ጻፉ። የመጣላቸው ጥቂት ነገር ነው። ከዚያ ተነሥተው እንግሊዞች ስለ አፄ ቴዎድሮስ የያዙት ሰነድ ከእፍኝ አያልፍም አሉ።

እዚህ ላይ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ።

መቅደላ ድረስ ጦር የላከ መንግሥት ስለ ጠላቱ ሰነድ አይኖረውም? ሞልቶታል። ችግሩ ስሙ ነው። የዘመኑ እንግሊዞች ንጉሡን ቴዎድሮስ አይሏቸውም። ቴዎዶር ነው የሚሏቸው፤ አንዳንዴም ቴዎዶረስ። መቅደላን ማግዳላ ይሏታል። አገሪቱ ደግሞ አቢሲኒያ ናት። ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ሌላ ችግር አለ። ቤተ መዛግብት እንደ ሱቅ በዕቃ ዓይነት አይደረደርም። ሰነዱን ማን ጻፈው፣ የትኛው ቢሮ ተቀበለው በሚለው ነው የሚቀመጠው። ኪው ውስጥ ኤፍ ኦ 1 የሚባል ምድብ አለ። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአገራችን ጋር የተጻጻፈው እዚያ ነው። የሰነዱ መንገድ ደግሞ በቆንስላዎቹ በኩል ነው። ፕላውደን፣ ከእሱም በኋላ ካሜሮን። የእነሱን ስም ያላወቀ ሰው ቴዎድሮስን ፈልጎ ቴዎድሮስን ያጣል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የንጉሡ ታሪክ ራሱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትን ደብዳቤ ለካሜሮን ሰጡ። ደብዳቤው በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ለንደን ገባ። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻ ካሜሮንን አሰሩ። መጨረሻው ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰነዱ በእጃቸው ነበር። ያየው ሰው ነው የጠፋው። እኛም ዛሬ በኮምፒውተር ያንኑ ስንደግም ያናድዳል።

ዓድዋም እንደዚሁ ነው። የዛሬ ፈረንጆች ስሙን በ«ዳብልዩ» ይጽፉታል። የ1896 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ግን «ዳብልዩ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ በ«ዩ» ነው የሚጽፈው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች መሐሉ ላይ «ኦ» ይጨምሩበታል። ፈረንሳዮች «ኦ» እና «ዩ» አጣምረው ይጽፋሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» የሚባል የድሮ ጋዜጦች ስብስብ አለው። በነጻ ነው። እዚያ ገብታችሁ መጀመሪያ በዛሬው አጻጻፍ፣ ከዚያ «ኦ» ባለበት ፈልጉ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የጣሊያኑን ጦር አዛዥ የባራቲዬሪን ስም ስትጨምሩበት ደግሞ ጭራሽ ሌላ በር ይከፈታል። ምኒልክንም ቢያንስ በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ መሞከር ግድ ነው።

አንድ የማያስደስት ነገር ልጨምር። የድሮ ተጓዦች የአንዳንድ ብሔረሰቦቻችንን ስም የሚጽፉት ዛሬ ስድብ በሆነ ቃል ነው። ስለ ኦሮሞ በ19ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የፈረንጅ ሰነድ የሚፈልግ ተማሪ ያንን ቃል እየቀፈፈውም ቢሆን መጻፍ አለበት። ሳጥኑ የእኛን ጨዋነት አያውቅም።

በአማርኛ መፈለግ ይቀል ይሆን? እንዲያውም ይብሳል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደሎች። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ስሙ ይቅር፣ ካታሎጉ ላይ «ዐዋጅ» ብዬ ፈለግኩ። ባዶ። ደንግጬ «አዋጅ» አልኩ። ገጹ ሞላ። ከዚያ ወዲህ አንድን ቃል በሁሉም ፊደል ሳልሞክር «የለም» አልልም። ኃይለ ሥላሴን ብቻ በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በበኩሉ የአማርኛ መጽሐፍ ሲመዘግብ ርእሱን ወደ ላቲን ፊደል ይገለብጠዋል። ከላይ ሰረዝ፣ ከታች ነጥብ እየጨመረ። እኛ በስልክ መልእክት የምንጽፈው ላቲን ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ከዚያ የዘመን አቆጣጠር አለ። ይህኛውን ከራሴ ኀፍረት ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለሁ ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የውጭ ጋዜጦች ምን እንዳሉ ለማየት ዳታቤዝ ገባሁ። ዓመቱን 1953 ላይ ገደብኩ። የስታሊን ሞት መጣ። የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መጣ። የነጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነገር የለም። ሙሉ ከሰዓት «ይህ ዳታቤዝ አፍሪካን አያውቅም» እያልኩ ስራገም ቆየሁ። ለካ ታኅሣሥ 1953 ለፈረንጅ ዲሴምበር 1960 ነው። እኔ ዳታቤዙን ስሰድብ ዳታቤዙ እኔን እየታዘበኝ ነበር።

እንግዲህ «በሦስት ዳታቤዝ ፈልጌ አጣሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምን ያስረዳል? የጻፈው ሰው በየትኛው ፊደል፣ በየትኛው ስም፣ በየትኛው ዓመት እንደፈለገ ካልነገረን ስለ ታሪኩ ምንም አያስረዳም።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ የኋሊት መሄድ ነው። መጀመሪያ በጉዳዩ ላይ የተጻፈ አንድ ጥሩ ጥናት አገኛለሁ። የግርጌ ማስታወሻውን እንደ ሽሮ አበጥራለሁ። ደራሲው የትኛውን ፋይል ጠቀሰ? የቦታውን ስም እንዴት ጻፈው? ከዚያ አንድ ሰነድ ካታሎግ ላይ ሲገኝ መዝገቡን እስከ ታች አነባለሁ። ካታሎግ ሠሪው ለጉዳዩ የሰጠው ርእስ እዚያ አለ። እሱን ጠቅ ሳደርግ ወንድሞቹና እኅቶቹ ይመጣሉ። አሰልቺ ነው። ግን ይሠራል።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ?

ብዙ ነገር እንዳለ አምናለሁ። በ1973 እ.ኤ.አ.፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ከ8 ሺህ በላይ ብራናዎች ተነሡ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ሆነው ለዓመታት ሲያነቡና ሲመዘግቡ ኖሩ። ዛሬ ነጻ አካውንት ከፍቶ ብዙውን ከቤት ማየት ይቻላል። ፓሪስ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ከእኛ አገር የሄዱ ብራናዎችን «ጋሊካ» በሚባለው ገጹ ላይ አውጥቷል። ይህን ሁሉ አያቶቻችን ቢያዩ ጉድ ባሉ ነበር።

ግን ፎቶው መጫኑና ውስጡ ያለው ነገር መገኘቱ ለየቅል ናቸው። ወንጌል ዘወርቅ የሚባሉትን ተመልከቱ። ብዙ ደብርና ገዳም የርስትና የጉልት ስጦታን፣ የንጉሥ ቃልን፣ የንብረት ዝርዝርን የሚጽፈው በከበረው ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈን ማን ደፍሮ ይፍቃል! ስለ መሬት ሥሪት የሚያጠና ሰው ወርቁ ያለው እዚያ ነው። ካታሎጉ ላይ ግን የመጽሐፉ ርእስ «አርባዕቱ ወንጌል» ነው። «ጉልት» ብላችሁ ብትፈልጉ መዝጋቢው ተግቶ በማስታወሻ ካልያዘው በቀር አይመጣም። ሳጥኑ የሚያነበው መዝጋቢው የጻፈውን እንጂ ደብተራው የጻፈውን አይደለም። ስለዚህ ቅጠል በቅጠል መግለጥ ነው። በስክሪንም ቢሆን መግለጥ ያው መግለጥ ነው።

የተጫነውም ቢሆን ነገ እንዳለ ይቆያል ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? ከመቅደላ የተዘረፉ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የተወሰኑት ዲጂታል ሆነው ነበር። በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ተቋሙ በሳይበር ጥቃት ተመታ። ካታሎጉ ራሱ ለወራት ጠፋ። ዲጂታል ብራናዎቹም አብረው ከእይታ ተሰወሩ። የመመረቂያ ጽሑፉን በሊንክ ብቻ የሞላ ተማሪ ያን ጊዜ ምን ይዋጠው? ለዚህ ነው የሰነዱን መለያ ቁጥርና የቅጠሉን ቁጥር ጻፉ የምለው። ሊንክ ይሞታል። የመደርደሪያ ቁጥር ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለውስ? ወመዘክር አለ። 6 ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። እዚያ ካለው ደብዳቤ፣ ማመልከቻና ማስታወሻ ምን ያህሉ በየትኛው ዳታቤዝ ውስጥ ነው? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሡም። የየጠቅላይ ግዛቱ የፍርድ ቤት መዝገብና የግብር ወረቀትማ ባይነሣ ይሻላል። አቧራ ለብሶ ያስቀመጠው አካል ራሱ የረሳው ስንት አለ። ያንን የሚያገኘው ተነሥቶ የሄደ ሰው ነው።

ሦስተኛው፣ የክፍያው ነገር። እዚህ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በውድ የሚሸጡ ስብስቦች አሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ስለ አፍሪካ ያሳተማቸው ምስጢራዊ ሰነዶችና የታላላቅ ጋዜጦች ሙሉ ክምችት በዋነኛነት ተቋማት ከፍለው የሚያስገቡት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው የምርጥ ምንጭ ማከማቻ አድርገው ያቀረቡት ጄስቶር በአብዛኛው የጥናት መጽሔቶች ስብስብ ነው። ማለትም ሌሎች ሰዎች ቀዳሚውን ምንጭ አንብበው የጻፉት። ለግርጌ ማስታወሻው እወደዋለሁ። የንጉሥ ደብዳቤ ለማግኘት ብዬ ግን አልገባበትም።

በነጻ ያለውን እንይ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የድሮ ዲፕሎማሲ ሰነዶቹን በተከታታይ ጥራዝ ያወጣል፤ በነጻ ይነበባል፣ ስለ ቀኃሥ ዘመን የሚነግረን ብዙ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር መዝገብ ጄኔቫ ውስጥ ዲጂታል ሆኖ ተጠናቋል። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው ስለተናገሩበት ጉዳይ ፋይሎቹን ከደብረ ብርሃን ሆኖ በስልክ ማንበብ ይቻላል፤ ዳታ ካለ። የጣሊያኑ ላ ስታምፓ ጋዜጣ የድሮ እትሞቹን ከፍቶ አስቀምጧል። የብሪቲሽ ላይብረሪ በአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም የኢትዮጵያ ስብስቦች አሉት። የድሮዎቹን ተጓዦች፣ የነጄምስ ብሩስንና የነሄንሪ ሶልትን፣ የጉዞ መጻሕፍት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ እንደ ልብ ማውረድ ይቻላል። ፓስወርድ ከመለመን በፊት ይህን መጨረስ ራሱ ዓመት ይፈጃል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ምክር። የዩኒቨርሲቲ ፓስወርዳችሁን ለዘመድ አታውሱ፤ አካውንቱ ይዘጋባችኋል። ይልቅ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ። ነጻ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ጋዜጣ ዳታቤዝ ከቤት ሆኖ ያስከፍታሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን የአንባቢ ካርድ ማውጣት ትችላላችሁ። ያ ተቋም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከእኛም አገር፣ የሚታተመውን ሲሰበስብ ኖሯል። አዲስ አበባ ላይ ያጣሁትን የደርግ ዘመን በራሪ ጽሑፍ እዚያ ካታሎግ ላይ ሳገኘው ደስ ልበል ወይስ ልቆጭ ግራ ገብቶኛል።

አራተኛው ነጥብ፣ በዘመኑ የታተመ ጋዜጣ ምስክር ነው የሚለው። የምን ምስክር? ዓድዋ የተዋጋነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የወጡ የውጭ ጋዜጦች ከጣሊያን ጦር 3 ሺህ ሞተ ይላሉ። በኋላ የተነሡ የታሪክ ጸሐፊዎች ጣሊያኑንም ለጣሊያን የተዋጋውን አስካሪም ደምረው ወደ 6 ሺህ ያደርሱታል። ጋዜጣው ዋሸ ማለት አይደለም። ጋዜጣው የሚመሰክረው ሮም በዚያ ቀን ምን እንደሰማች ነው። መንግሥቱን ያናወጠውና በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩን ክሪስፒን ከሥልጣን ያወረደውም ያ ወሬ ነው። እንዲህ ካነበብነው ጋዜጣው ዕንቁ ነው። የሟች ቆጠራ አድርገን ካነበብነው ያሳስተናል።

የውጫሌ ውልማ የዚህ ሁሉ አባት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ብዙ ሰው ጣሊያንኛው «ይገባቸዋል» ወይም «ግዴታ አለባቸው» ይላል ብሎ ያወራል። ጸሐፊውም እንዲሁ ጽፈዋል። የጣሊያንኛውን ጽሑፍ ከፍቶ ያየ ግን የሚያገኘው «ተስማምተዋል» የሚል ግስ ነው። ተንኮሉ ከምንተርከውም ይረቃል። «ተስማምተዋል» ካለ ሮም «ቃል ገብተዋል፣ ስለዚህ ታስረዋል» ብላ ለአውሮፓ ታውጃለች። አውጃለችም። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ከለንደንና ከበርሊን «በጣሊያን በኩል ይምጡ» የሚል መልስ ሲደርሳቸው ነው ነገሩ የፈነዳው። እንግዲህ የእንግሊዝኛና የጣሊያንኛ ዳታቤዝ ብቻ የቃረመ ሰው የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ በጣሊያን ጥላ ሥር አድርጎ የሚያሳይ ወረቀት በገፍ ያገኛል። ሁሉም ቀዳሚ ምንጭ ነው። ሁሉም በዘመኑ የተጻፈ ነው። አንዱ የአማርኛ ቃል ግን ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ታዲያ የነገሥታቱን የአማርኛ ደብዳቤ የት እናገኛለን? ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን ከ1800 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉትን ደብዳቤዎችና ውሎች ከየአገሩ ቤተ መዛግብት ለቅሞ «አክታ ኢትዮፒካ» በሚል በሦስት ጥራዝ አውጥቷል። የአገር ውስጡን አስተዳደር ለሚፈልግ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ዝክረ ነገር አለ። ሁለቱም የወረቀት መጻሕፍት ናቸው። ጸሐፊው የዘረዘሯቸው ሦስት ዳታቤዞች ውስጥ አያገኟቸውም። መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ስለ አምስተኛው ብዙ አልልም። ያ «ዐዋጅ» ብዬ ባዶ የመጣብኝ ቀን ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበሩ። ፊቴን አይተው ተነሥተው መጡ። ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ። «በዓይኑ ዐ ነው እንዴ የጻፍከው ልጄ? እኛ ጋ የሚመዘግቡት ልጆች በአልፋው አ ነው የሚጽፉት» አሉኝ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሹራባቸውን መሥራት ቀጠሉ።